ኮሚሽን እየበሉ ነጻ የዕቃ ግምገማ መጻፍ ይቻላል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። መብራት በጠፋ፣ ውሃ በተቋረጠ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። የትኛው ፓወር ባንክ፣ የትኛው ስታብላይዘር፣ የትኛው የውሃ ፓምፕ ይሻላል ይለኛል። እነዚህን ዕቃዎች እየሞከርኩ በአማርኛ የምጽፍበት ዌብሳይት ልከፍት አስቤያለሁ። ከሻጭ ገንዘብ ተቀብዬ ማስታወቂያ መሥራት አልፈልግም። በአፊሊየት ሊንክ ብቻ፣ ማለትም ሰው በሊንኬ ገብቶ ሲገዛ ሻጩ በሚከፍለኝ ኮሚሽን፣ ማስተዳደር ይቻላል? ገንዘቡ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ኮሚሽን ከተቀበልኩስ ከደላላ በምን እለያለሁ? ሥራዬን ልልቀቅ?»

እህቴ፣ ይቻላል። በዚህ ገቢ የቆሙ ትልልቅ የግምገማ ገጾች አሉ። በደንብ ከተሠራበት ከማስታወቂያ ይልቅ ለአንባቢ የሚጠቅም መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔ ሥራም ይኸው ነው። ለሰዎች የአፊሊየት ውል አነባለሁ፣ ሊንክ አስተካክላለሁ፣ ኮሚሽን ሲጠፋባቸው የት እንደጠፋ እፈልጋለሁ። የምኖረው ለገጣፎ ስለሆነ ስለ መብራቱ ለእኔ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። አደጋው ግን ሰው የሚፈራው ቦታ ላይ አይደለም ያለው። ሰው የሚፈራው ገምጋሚው ለኮሚሽን ብሎ መጥፎውን ዕቃ ጥሩ ነው እንዳይል ነው። እሱ ይነቃበታል፤ ዕቃው በሳምንቱ ሲበላሽ አንባቢሽ ራሱ ይመጣብሻል። የባሰው ኮሚሽን የማይከፈልበትን ነገር ጭራሽ አለመጻፍ ነው። ያልተጻፈን ነገር ማንም አይቶ አይወቅስሽም። እዚያ ላይ ቆየት ብዬ እመለሳለሁ፣ አሠራሩን ላስቀድም።

ከአንድ ሻጭ ጋር ትዋዋያለሽ። ሻጩ የራስሽ መለያ ይሰጥሻል፣ መለያው ሊንኩ ጫፍ ላይ ይቀጠላል። አንባቢሽ ሊንኩን ሲነካ ወደ ሻጩ ገጽ ይሄዳል፣ ስልኩ ላይ ደግሞ ኩኪ የሚባል ትንሽ ፋይል ይቀመጣል። ኩኪው ሰውየው በአንቺ በኩል እንደመጣ ለሻጩ ይመሰክራል። በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ከገዛ ሻጩ ከሽያጩ ላይ ቆርጦ ይከፍልሻል። ካልገዛ የለም። ሺህ ሰው አንብቦሽ፣ መርቆሽ፣ ለጓደኛው ልኮልሽ ሳይገዛ ቢቀር ሰባራ ሳንቲም አታገኚም።

ጊዜው እንደየሻጩ ይለያያል። ትልቁ የአሜሪካ የኢንተርኔት መደብር አማዞን ላይ 24 ሰዓት ነው። በነዚያ 24 ሰዓታት ዕቃውን ቅርጫቱ ውስጥ ከከተተው ግን ክፍያውን እስከ 90 ቀን ቢያዘገየውም ይቆጠርልሻል። ሌሎች ብዙዎቹ 30 ቀን ይሰጣሉ። አማዞን ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ሰውየው ያሳየሽውን ዕቃ ትቶ ጫማ ወይም የሕፃን ዳይፐር ቢገዛም ኮሚሽኑ በአብዛኛው ላንቺ ነው። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ሪፖርትሽን ስትከፍቺ ጽፈሽበት የማታውቂው ዕቃ ተደርድሮ ታያለሽ። እንዳትደናገጪ።

ገንዘቡ የሚወጣው ከሻጩ ኪስ ነው። አንባቢሽ በሊንክሽ ቢገባም፣ ራሱ ፈልጎ ቢያገኘውም ዋጋው አንድ ነው። ሻጩ ለማስታወቂያ ከያዘው በጀት ላይ ነው የሚቆርጥልሽ፤ ለእሱ የሚመቸው ሽያጭ ሳይኖር አለመክፈሉ ነው። እርግጥ ነው፣ የማስታወቂያ በጀት ራሱ ዞሮ ዞሮ ከዕቃ ዋጋ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ገጽሽ ላይ «ማንም አይከፍልም» ብለሽ እንዳትጽፊ። «በሊንኩ ስለገቡ ዋጋው አይጨምርብዎትም» በይ፣ እሱ እውነት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። በወር 10,000 ሰው አነበበሽ እንበል። ከእነሱ 1,000ው ሊንኩን ነካ፣ ከነካው ውስጥ 30 ሰው ገዛ። ዕቃው በአማካይ 40 ዶላር ቢሆን ሽያጩ 1,200 ዶላር ነው። ኮሚሽኑ 3 በመቶ ከሆነ ድርሻሽ 36 ዶላር። በአማርኛ ለሚጻፍ የዕቃ ግምገማ ደግሞ በወር 10,000 አንባቢ ማግኘት ቀላል አይደለም። ዕቃ የመለሰ ሰው ካለ ኮሚሽኑ ተመልሶ ይቀነሳል። ክፍያውም ወዲያው አይመጣም፤ አማዞን ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚከፍለው። ሴፕቴምበር ላይ የተሸጠውን ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል ታገኚዋለሽ። እስከዚያ የምትሞክሪውን ዕቃ የምትገዢው ከራስሽ ኪስ ነው።

ታዲያ ትልልቆቹ እንዴት ኖሩ? ነገሩ የቆየ ነው። ሲዲናው የሚባል የሙዚቃ መሸጫ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1994 ጀምሮት ነበር (ሌሎቹንም ዓመታት በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ)፤ አማዞን በ1996 የራሱን ሲከፍት ተስፋፋ። ነጻ ግምገማ በዚህ ገቢ መቆም እንደሚችል በደንብ ያሳየው ግን ዋየርከተር የሚባለው የአሜሪካ የግምገማ ገጽ ነው፣ በ2011 የተመሠረተው። መቶ ሞዴል ደርድሮ አንባቢውን ግራ ከማጋባት ይልቅ ለአብዛኛው ሰው የሚበቃውን አንድ ዕቃ ይመርጣል፣ ለምን እንደመረጠው ደግሞ በረጅሙ ይጽፋል። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2016 ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ገዛው። ሌላ መንገድ የሄደም አለ። ኮንሲውመር ሪፖርትስ ከ1936 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ ዕቃውን እንደማንኛውም ሰው ከሱቅ ገዝቶ ይፈትናል፣ ማስታወቂያ አይቀበልም፣ ከአባላት ክፍያ ይኖራል። ዛሬ እሱም ከሱቅ ሊንክ ኮሚሽን ያገኛል። ሁለቱ ከተለያየ በር ገብተው አንድ ቦታ የተገናኙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዕቃ እየገዙ መፈተን ውድ ሥራ ነው።

አንድ ሻጭ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣም ልንገርሽ። አማዞን በኤፕሪል 2020 ኮሚሽኑን በአንድ ጀምበር ቀነሰ። የቤት ዕቃና የቤት ማሻሻያ ከ8 በመቶ ወደ 3 ወረደ። የምግብ ሸቀጥ ከ5 በመቶ ወደ 1 ወረደ። በዚህ ብቻ የሚተዳደሩ ገጾች ሥራቸውን ሳይቀንሱ፣ አንባቢ ሳይጎድልባቸው ገቢያቸው ግማሽ እንኳን ሳይሞላ ቀረ። ውሉ ላይ ሻጩ መቶኛውን በፈለገ ጊዜ መቀየር ይችላል ይላል፤ ሁሉም ውል ማለት ይቻላል እንዲህ ነው።

ወደ ነጻነቱ ልምጣ። ከደላላ በምን እለያለሁ ብለሻል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ደላላ የሚያሳይሽ እጁ ላይ ያለውን ቤት ነው። ኮዬ ላይ ቤት ስትፈልጊ ሦስት ቤት ያዞርሻል እንጂ «ሦስቱም አይሆኑሽም፣ ለጊዜው ያለሽበት ቆዪ» አይልሽም። ሥራው አይደለምና አይፈረድበትም። የአንቺ ሥራ ግን በትክክል እሱ ነው። «አትግዙ» ማለት፣ «ሊንክ ከሌለው ሱቅ ግዙ» ማለት፣ «ያለውን አስጠግኑት» ማለት። እነዚህን ሦስቱን መጻፍ ያቃተሽ ቀን ከደላላው ጋር አንድ ሆናችኋል።

ይሄ በወሬ ቀላል ይመስላል፣ በተግባር እንየው። የአማዞን ሊንክ የሚነካው አንባቢሽ ማን ነው? የኮዬ ጎረቤትሽ አይደለም። ጎረቤትሽ ቱሉ ዲምቱ ወይም መርካቶ ሄዶ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ነው የሚገዛው። ሊንኩን የሚነካው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዳላስ ያለ ልጅ ነው፣ ለእናቱ ዕቃ ገዝቶ በሰው ሻንጣ የሚልክ። እሱ ይጽፍልሻል፦ «እማዬ ብሌንደር ትፈልጋለች፣ የትኛውን ልላክላት?»

እዚህ ላይ ብሌንደሩን ገልብጪውና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እናትየው ቮልቱን ሳይሆን የሶኬት እግሩን ብቻ በሚቀይር ማስማሚያ ስትሰካው ሞተሩ ከልክ በላይ ይጮሃል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ያበቃል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ፣ ግን የብሌንደሩን ዋት የሚችለው ከባድና ውድ ነው፤ ለአንድ ጁስ ማን ያንን ይጎትታል? ላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ግን ሌላ ነው። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል አለበት፣ የትም ይሠራል። እንግዲህ ትክክለኛው መልስሽ «ላፕቶፑን እዚያ ግዛው፣ ብሌንደሩን ግን ገንዘቡን ላክላትና እዚህ ከሱቅ ትግዛ» ነው። በብሌንደሩ ኮሚሽን የለሽም። በዚህ መልስ አንድ እናት ዕቃዋ አይቃጠልባትም፤ የሚቀጥለውን ላፕቶፕ ልጇ በአንቺ ሊንክ ነው የሚገዛው።

ገቢው ላይ ብቻ ያየ ሰው ግን ያንን የብሌንደር ጥያቄ ዝም ይለዋል። ውሸት አልጻፈም፣ አንድም ቃል አላጣመመም፤ ብቻ አልጻፈም። ቀስ በቀስ ገጹ ሊንክ ባላቸው ዕቃዎች ይሞላል። ለቤተሰብ በጣም የሚያስፈልገው ስታብላይዘርና ሮቶ የለበትም፣ ምክንያቱም እሱን ከአሜሪካ በሻንጣ የሚልክ የለም። የተበላሸ ስታብላይዘር በብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የውስጥ ሪሌ መቀየር ብቻ እንደሆነ፣ ያቺ ቮልት ሲዋዥቅ ጠቅ ጠቅ የምትለዋ ክፍል እንደሆነች፣ የሰፈር ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አዲስ ከመግዛት በጣም ባነሰ ዋጋ እንደሚሠራት የሚናገር ጽሑፍም የለበትም። ጠጋኙ ሊንክ የለውማ። እኔ ነጻ ነኝ የሚል ገጽ ሳገኝ መጀመሪያ የምፈልገው እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ካላገኘሁ የቀረውን በጥንቃቄ ነው የማነበው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰፈሩ ምን ጠየቀ? እሱን ጻፊ፣ ሻጭ ምን ያህል ይከፍላል የሚለውን አትክፈቺ። ከዚያ ዕቃውን ግዢ፣ ሞክሪ፣ ፍርድሽን ጽፈሽ ቀን አስቀምጪበት። ከዚያ በኋላ ብቻ ሊንክ አለው ወይ ብለሽ ፈልጊ። ካለው አስገቢ፣ ከሌለው ያለ ሊንክ ይውጣ። ዋየርከተር ጸሐፊዎቹ ምርጫቸውን ሳይጨርሱ የትኛው ኩባንያ ኮሚሽን እንደሚከፍል አያውቁም ይላል፤ የንግዱ ክፍል ሌላ ነው። አንቺ ብቻሽን ስለሆንሽ በግድግዳ መለየት አትችዪም፣ በቀን ግን መለየት ትችያለሽ። ሻጭ በነጻ ዕቃ ልስጥሽ ካለም አትቀበዪ፣ ወይ ደግሞ ሞክረሽ መልሺለት። ሻጭ መርጦ የሚልክልሽ ዕቃ ጎረቤትሽ ከመደርደሪያ ላይ ከሚያነሳው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

ሙከራው ራሱ የገጹ ዋጋ ነው፣ እሱ ላይ አትሰስቺ። ፓወር ባንክን እንውሰድ። ጀርባው ላይ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይላል። ያ ቁጥር የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው፣ ይህም 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ስልክ የሚሞላው ግን በ5 ቮልት ነው፤ ስታሰይው ወደ 14,800 ይወርዳል፣ ሲቀየር የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከ12 እስከ 13 ሺህ ነው የሚቀረው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ጥሩው ዕቃም እንዲሁ ነው። ግን 5,000 የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው አራት ጊዜ ይሞላልኛል ብሎ ይገዛና ሦስትም ሳይሞላለት ሲቀር ተታለልኩ ይላል። ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ግዢ፣ ፓወር ባንኩና ገመዱ መሃል የምትሰካ፣ ቁጥሩን ከዜሮ ጀምራ እየቆጠረች የምታሳይ። መብራት በጠፋበት ማታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ እስኪያልቅ ጠብቂና የቆመችበትን ቁጥር ፎቶ አንሺ። ያ ፎቶ ከሺህ ቃል ይበልጣል። ከዚያ 50,000 የሚል የተጻፈበትን ርካሹን አንሺ፤ ከ20,000ው ቀለል ብሎ እጅሽ ላይ ከተገኘ ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ምክንያቱም ያን ያህል የሚይዝ ባትሪ ክብደቱን መደበቅ አይችልም። እውነት ቢሆን እንኳ 185 ዋት-ሰዓት ይሆናል። አየር መንገዶች ደግሞ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለውን በእጅ ሻንጣ ያለ ልዩ ፈቃድ ያሳልፋሉ፣ ከ100 እስከ 160 ያለውን በፈቃድ፣ ከዚያ በላይ አያሳልፉም። የዳላሱ ልጅ ይህን ማወቅ አለበት፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ትንሹንም ማስገባት እንደማይችል ጭምር። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አምስት ካለሽ ሃምሳ ስም የተደረደረበትን ገጽ ትበልጪዋለሽ።

ኮሚሽን እንደምታገኚ መናገር ግዴታ ነው። የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን ኤፍቲሲ ማሳወቂያው ግልጽና በቀላሉ የሚታይ መሆን አለበት ይላል፤ ኤፍቲሲ መመሪያውን በ2023 እንደገና አጥብቆታል። አማዞንም በውሉ ያስገድዳል፣ ከብቁ ግዢዎች ገቢ እንደምታገኚ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር በግልጽ ታስቀምጫለሽ። ሕግ ባይኖርም አድርጊው። ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል አትደብቂው፣ ከመጀመሪያው ሊንክ በላይ ይሁን፦ «ከታች ባሉት ሊንኮች ከገዙ ሻጩ ኮሚሽን ይከፍለናል። ዋጋው አይጨምርብዎትም። ዕቃዎቹን የገዛናቸው በራሳችን ገንዘብ ነው።» በኮዱ ውስጥም ሊንኩ የንግድ መሆኑን ለጉግል የሚነግር «ስፖንሰርድ» የሚባል ምልክት አለ፣ ከ2019 ጀምሮ ያለ፤ ዌብሳይቱን የሚሠራልሽ ልጅ ያውቀዋል።

አካውንት የሚያዘጉ ነገሮችንም ከአሁኑ እወቂ። አማዞን ላይ ከተመዘገብሽ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ብቁ ሽያጭ ካላመጣሽ ይዘጋል። የኛ ሰው ወዲያው የሚያስበው ምንድን ነው? «ወንድሜ ይግዛልኝ፣ አክስቴም አለች።» አይሆንም። በራስሽ ሊንክ ራስሽ መግዛት፣ ለቤተሰብና ለጓደኛ መላክ በውሉ የተከለከለ ነው። «እኛን ለመደገፍ በዚህ ግዙ» ብሎ መለመንም እንደዚያው። ዋጋን በጽሑፍሽ ውስጥ በእጅ መጻፍም ችግር ነው፣ ነገ ይቀየራላ። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉ ይጠራቀም፣ አንባቢ ይምጣ፣ ከዚያ ተመዝገቢ። ከመመዝገብሽ በፊት ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ይቀበላሉ ወይ፣ ኢትዮጵያ ላለ ሰው በምን መንገድ ይከፍላሉ የሚለውን ውሉ ላይ ፈልጊ። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዶላሩን በባንክ ማስገባት እንደበፊቱ አያስቆጭም፤ የሚያስቸግረው እስከ ባንኩ ድረስ ያለው መንገድ ነው።

ስለ ጠፋ ኮሚሽንም በአጭሩ። ብዙ ፕሮግራም የሚከፍለው የመጨረሻዋን ክሊክ ላመጣው ነው። አንቺ ሦስት ሳምንት ሞክረሽ ጻፍሽ፣ አንባቢው በሊንክሽ ገባ፣ ሊከፍል ሲል የቅናሽ ኮድ ልፈልግልህ የሚል ፕሮግራም ብቅ አለ፣ እሱን ነካ፤ ኮሚሽኑ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። የክፍያ ኩባንያው ፔይፓል ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ የገዛው ሃኒ የሚባል እንዲህ ያለ ፕሮግራም በ2024 መጨረሻ በዚህ ነገር ትልቅ ወቀሳ ገጥሞት ይዘት ፈጣሪዎች ፍርድ ቤት ከስሰውታል፣ ኩባንያው አጥፍቻለሁ አይልም። ከክሊክ ብዛት ጋር የማይመጣጠን ሽያጭ ስታዪ ሁልጊዜ ጽሑፍሽ ደካማ ስለሆነ እንዳይመስልሽ።

አሁን ለኮዬ ጎረቤትሽ የሚሆነውን ልንገርሽ፣ እኔ ይበልጥ የማምንበት ይሄኛውን ነው። የውጭ ሊንክ ለዳያስፖራው ነው። ለሰፈርሽ ሰው ከሱቆች ጋር ራስሽ መዋዋል ትችያለሽ። ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ መርካቶ ያሉ ባለሱቆች ኮሚሽን ምን እንደሆነ ማንም አያስተምራቸውም። ችግሩ መቁጠሩ ነው። ኩኪ የለም። ሰውየው ገጽሽን አንብቦ ሱቅ ይሄዳል፣ ይከራከራል፣ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ይከፍላል፣ ባለሱቁም ማን እንደላከው አይጠይቅም። ስለዚህ ለገዢው ምክንያት ስጪው። ሱቁ ያንቺን አጭር ኮድ ለተናገረ ሰው አንድ ነገር ይጨምርለት፣ ለምሳሌ ገመድ፣ ወይም የመቀየር ዋስትናውን በአንድ ወር ማራዘም። ያኔ ገዢው ራሱ ኮዱን ይናገራል። ባለሱቁ ደረሰኙ ላይ ኮዱን ይጻፍበት፣ ወር ሲደርስ ደረሰኝ ቆጥራችሁ በቴሌብር ይላክልሽ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። በመቶኛ አትዋዋዪ። ለአንድ የዕቃ ዓይነት አንድ ቁርጥ ያለ ብር ይሁን፣ ብራንዱ ምንም ይሁን ምን፣ ሱቁ ማንም ይሁን ማን። ለምሳሌ ለማንኛውም ፓወር ባንክ 100 ብር ካልሽ ርካሹን ብትመርጪም ውዱን ብትመርጪም ገቢሽ አንድ ነው። በመቶኛ ከሆነ ግን ውዱን ባመሰገንሽ ቁጥር እጥፍ ታገኛለሽ፤ ልብሽ ንጹሕ ቢሆንም ብዕርሽ ወደዚያ ያደላል። አንዱ ባለሱቅ «እኔ 300 እሰጥሻለሁ፣ የኔን ብራንድ ከላይ አድርጊው» ይልሻል፣ ሳይውል ሳያድር ይልሻል። ውልሽ ላይ «ለሁሉም እኩል» የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው፣ ወረቀቱን ታሳዪዋለሽ። ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት ማየት እንደማይችል፣ ቅሬታ ከመጣ ሱቁን ከዝርዝሩ እንደምታወጪውም ጻፊበት። ከሁለት ሱቅ ባነሰ አትጀምሪ፣ አንዱ ሲኮርፍ ገጽሽ እንዳይቆም።

ከሚገባው ብር ላይ የተወሰነውን ለሙከራ ዕቃ መግዣ ለይተሽ አስቀምጪ፣ ቀሪው ነው ገቢሽ። የተሞከረውን ዕቃ «የተሞከረ» ብለሽ በቅናሽ ሽጪው፣ ወጪሽን ይቀንሳል። ኮሚሽን ገቢ ነውና ግብር አለው፤ ንግድ ፈቃዱንም ሆነ ግብሩን አንድ የሒሳብ ባለሙያ ቀድመሽ አማክሪ።

ሥራሽን አትልቀቂ። ቢያንስ ከሱቆቹ የሚመጣው ብር ለተከታታይ ወራት የቤት ኪራይሽን ብቻውን እስኪችል ድረስ አትልቀቂ። ሌላው ቀርቶ ደሞዝ ያለው ሰው ነው «አትግዙ» ብሎ ለመጻፍ የሚደፍረው። የኪራይ ቀን የደረሰበት ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።

በፓወር ባንክና በሚሞላ አምፖል ጀምሪ፣ ገዝተሽ መሞከር የምትችዪው እሱን ነው። ፓምፑና ስታብላይዘሩ ይቆይ፣ ውድ ነው፤ እስከዚያ የጎረቤትን ተውሰሽ መለካት ትችያለሽ፣ የማን እንደሆነ ሳትጠቅሺ። የመጀመሪያ ጽሑፍሽ ያለ አንድም ሊንክ ይውጣ፣ ሰው ባይገዛቸው ስለሚሻሉ ዕቃዎች ይሁን። ከሱቆቹ ጋር ውል ከመፈረምሽ በፊት ረቂቁን ላኪልኝ፣ አንብቤ ምልክት አድርጌበት እመልስልሻለሁ።